ቀይ ክር የታሰረባት ቲማቲም

ኡስተር፣ ግንቦት 12 ቀን 1975

ይህን ደብተር የሰጡኝ አሮጊቷ ጎረቤታችን ፍራው ኤግሊ ናቸው። ከኛ በታች ያለው ቤት የሳቸው ነው፤ ጓሮውም። በጀርመንኛ ጻፊበት፣ ቋንቋሽ ይሻሻላል ብለውኝ ነበር። እኔ ግን በአማርኛ ልጽፍ ነው። እዚህ ቤት አማርኛ የምታነብ አክስቴ ሸዋረጋ ብቻ ናት፤ እሷም ከልብስ ማጠቢያው ሥራዋ ስትመጣ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ እንደነከረች እንቅልፍ ይወስዳታል።

አይ፣ ከትናንት ጀምሮ ሌላም ሰው አለ። ጋሼ ኃይለመለኮት ከጄኔቫ መጡ። አዲስ አበባ ትልቅ ኃላፊ ነበሩ፤ አክስቴ በሳቸው ሥር ታይፕ ትመታ ነበር። ከአገር የወጡት ዓምና ነው። ጄኔቫ፣ ፓኪ የሚባለው ሰፈር፣ ከአቶ ቢረሳው ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ሲኖሩ ቆይተው፣ የጥገኝነት ወረቀታቸው የሚታየው ዙሪክ ነው ስለተባለ ወደኛ መጡ። መኝታ ክፍሌ ለሳቸው ተሰጠ። እኔ ሶፋው ላይ ነኝ። ለሁለት ሳምንት ነው ተብሏል።

ዛሬ ከፍራው ኤግሊ ጋር ቲማቲሟን ወደ ውጭ አውጥተን ተከልናት። እሳቸው ብርዱ የሚያልፍበትን ቀን ሲጠብቁ ነበር። ከእናታቸው የወረሱት ዘር ነው። ሱቅ አይሸጥም። ዓምና ዝናብ ስላበሰበሰባቸው የቀራቸው ሦስት ፍሬ ዘር ብቻ ነበር። ሁለቱ አፈር ውስጥ ጠፉ። አንዷ በቀለች።

ሰኔ 2

ሁለት ሳምንት አለፈ። ጋሼ አሉ።

የቲማቲም ቅጠል ስትነኪው እጅሽ ይሸታል፣ ጣትሽም አረንጓዴ ይሆናል፤ በሳሙናም ቶሎ አይለቅም። ከዋናው ግንድና ከቅርንጫፉ መካከል፣ ብብቷ ውስጥ፣ ትርፍ ቀንበጥ ይወጣል። እሱን በየሦስት ቀኑ መቁረጥ የኔ ሥራ ነው። ካልተቆረጠ ጉልበቷን ሁሉ ቅጠል ላይ ትጨርሰዋለች ይላሉ ፍራው ኤግሊ። ውኃ ከሥር እንጂ ከላይ አይፈስባትም። ግንዱን ከእንጨቱ ጋር የምናስረው በአሮጌ የሴት ካልሲ ነው፤ ገመድ ያቆስላታል።

ጋሼ ዛሬ ማጠጫዬ ውስጥ የሲጋራ ቁራጭ ጥለው አገኘሁ። "ይቺ ድመት ምን እያጉረመረመች ነው?" አሉ። ድመት የሚሉኝ ስለማልናገር ነው። አላጉረመረምኩም። አክስቴ ሳቀች። እሷ በሳቸው ቀልድ ሁሉ ትስቃለች፤ አሁንም ታይፒስታቸው ትመስላለች።

ሰኔ 14

ፍራው ኤግሊ ደረጃ ላይ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። አምቡላንስ ሲወስዳቸው እጄን ያዙና "ዲ ቶማተ" አሉኝ፤ ቲማቲሟን ማለታቸው ነው። ሌላ ነገር አላሉም።

ሰኔ 19

ሆስፒታል ሄጄ አየኋቸው። ሁሉንም በቀስታ ነገሩኝ፤ እኔም ጻፍኩት።

መጀመሪያ የምታፈራው ትልቋ ፍሬ አትበላም። ለዘር ናት። ሰው እንዲያውቃት አንገቷ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። እናታቸውም እንዲህ ያደርጉ ነበር። ቀልታ ለስለስ እስክትል ግንዷ ላይ ትቆያለች። ከዚያ ተቆርጣ ዘሯ ከነውኃው ብርጭቆ ውስጥ ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ይሸታል፣ አትደንግጪ። ከዚያ ታጥቦ ወረቀት ላይ ይደርቃል። ይህ ቲማቲም ውስጡ ሥጋ ብቻ ስለሆነ ዘሩ ጥቂት ነው። ስሙም በነሱ "ፍላይሽቶማተ" ነው፣ የሥጋ ቲማቲም።

"እጠብቃታለሁ" አልኳቸው። በጀርመንኛ ሳልሳሳት ያልኩት ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ሐምሌ 6

በረዶ ጣለ። ትንሽ ሎሚ የሚያክል። አሥር ደቂቃ። ከላይ በኩል ተሰበረች። አበባዎቿ ሁሉ መሬት ላይ ናቸው። አንድ ፍሬ ብቻ፣ ከታች፣ ቅጠል ከልሏት ተረፈች። እስካሁን አረንጓዴ ናት፣ የሕፃን ቡጢ ታክላለች።

ጋሼ በመስኮት "አንዱ ላምብሬታ ተቀጠቀጠ!" እያሉ የሰው ሞተር ብስክሌት ሲያዩ ነበር።

ማታ ቀዩን ክር አሰርኩላት። ሹራቤ ላይ የመዘዝኩት ነው።

ሐምሌ 27

ከቢሮው ለጋሼ ደብዳቤ መጣ። የጥገኝነት ቃላቸውን የሚሰጡበት ቀን ነሐሴ 25 ነው፤ በነሱ ኦገስት 31። ሰዓቱ 14.00 ይላል። እዚህ ቤት ደብዳቤ የማነበውም ስልክ የማነሳውም እኔ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ከኔ ሁለት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ብቀመጥም ከሦስታችን ጀርመንኛ የምችል እኔ ብቻ ነኝ።

"ስምንት ሰዓት ነው ጋሼ" አልኳቸው።

"በኛ ነው በነሱ?" አለች አክስቴ። እሷ ሰዓት በሰማች ቁጥር ይህን ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ ለጥርስ ሐኪም በነሱ ስምንት ሰዓት ሲሏት በኛ መስሏት ከሰዓት በኋላ ሄዳ ያፈረችው አይረሳትም።

"በኛ" አልኩ።

"በኛ ነዋ!" አሉ ጋሼ። "ሸዋዬ፣ በማን ሊሆን ነው? እኔ በሰው አገር ሰዓት አልቆጥርም። ስምንት ሰዓት ደህና ሰዓት ነው፤ ምሳዬን በልቼ እሄዳለሁ።"

ነሐሴ 3

ጾም ገባ። ቲማቲሟ ሁለት እጄን ትሞላለች። ከላይ እንደ ዱባ ቦይ ቦይ አላት። ትከሻዋ ላይ ትንሽ ተሰንጥቃለች፤ ፍራው ኤግሊ ምንም አይደለም ብለዋል። ከሥር መቅላት ጀምራለች።

ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። ይህን እዚህ የምጽፈው ለኔው ነው። ጓሮው ውስጥ ወንበር ላይ ሆነው ጋዜጣ ሲያነቡ ቀርቤ "ጋሼ፣ ይቺ አትነካም፣ የፍራው ኤግሊ ናት" ብያቸዋለሁ። "እሺ ድመቴ" ብለዋል። ጋዜጣውን ዝቅ አላደረጉም። ድምፄ ግን ተሰምቷል። ተሰምቷል።

ነሐሴ 8፣ እሑድ

በላት።

ነሐሴ 8፣ ማታ

አሁን ሁሉም ተኝተዋል። በሥርዓት ልጻፈው።

አቶ ቢረሳውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ከጄኔቫ መጥተው ነበር። አክስቴ ዳቦ እንድገዛ ባቡር ጣቢያው ድረስ ላከችኝ፤ እሑድ የሚከፈት ሱቅ እዚያ ብቻ ነው። የጾም ምሳ ሊበላ ነው። ስመለስ ጠረጴዛው ተከቧል። ትልቁ ሳህን ላይ ተቆራርጣ፣ በቃሪያና በሽንኩርት፣ ሎሚ ፈሶባት። ቀዩ ክር ከሲጋራ መተርኰሻው አጠገብ።

"ነይ ድመት፣ ነይ! የጾም ሥጋ ብዪ!" አለ። "ፈረንጆቹ የሥጋ ቲማቲም ነው የሚሏት አሉ።"

"ውይ፣ ፍልሰታን ልታስገድፈን ነው እንዴ?" አሉ አቶ ቢረሳው።

"ደም እስካልወጣት ምንም አይደል፣ ይብሉ" አሉ ወይዘሮ ፍቅርተማርያም።

እኔ በር ላይ ቆሜ "የዘር ነበረች" አልኩ። ማንም አልሰማም። ደግሜ አልኩት።

"የምን ዘር?" አለ እሱ። "የንጉሥ ዘር ናት እንዴ?"

ሳቁ። አቶ ቢረሳው እስኪያስላቸው ሳቁ። አክስቴም። "ለካ ትናገራለች ይቺ ልጅ!" አለ፤ እንደገና ሳቁ።

ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። መክተፊያው ታጥቦ ተዘቅዝቋል። ተመልሼ ስመጣ የሳህኑን ጭማቂ በኔ ዳቦ ጠርጎ ጠርጎ ጨርሶታል። ሳህኑ ነጭ ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ውስጥ "እሳቸው" አልለውም። ፊት ለፊት እላለሁ፣ አክስቴን ላለማሳፈር። እዚህ ግን እሱ ነው። በላ። ሳቀ። ተኛ። በኔ አልጋ ላይ ተኛ።

ነሐሴ 9

አክስቴ ወጥ ቤት ውስጥ፦ "ለአንድ ቲማቲም እንዲህ ፊት ይነሳል? ትልቅ ሰው ናቸው። ያዩት መከራ ቀላል አይደለም። ኮኦፕ ሱቅ ሄደሽ አምስት ኪሎ ግዢ።"

ግዢ አለችኝ።

ነሐሴ 10

መነጽሩን ከሶፋው ሥር ደበቅኩት። ግማሽ ቀን ፈለገ። አክስቴ ስትጠርግ አገኘችው። ይህ ምንም አይደለም። ይህ የልጅ ሥራ ነው።

ነሐሴ 11

ጫማውን በረንዳ ላይ ተውኩት፣ ዘነበበት። "ምነው ጫማዬ ከበደኝ" አለ። አልጠረጠረም። እኔን የሚጠረጥር የለም። ድመትን ማን ይጠረጥራል።

ግንዷ ብቻ ቆማለች። አበባ የላትም። አሁንም ውኃ አጠጣታለሁ።

ነሐሴ 13

ሆስፒታል ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ጀርመንኛ ስደረድር ነበር፤ ስገባ ግን ጠፋኝና "ሰው በላት" ብቻ አልኩ።

ፍራው ኤግሊ አልጮሁም። ቢጮኹብኝ ይሻል ነበር። መስኮቱን አዩ።

"እንግዲያው አለቀች" አሉ። "ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ከኔ ጋር የሚያልቅ ነገር መኖሩ አይቀርም።"

ቀጥለው፦ "ጣፋጭ ነበረች?"

"እኔ አልቀመስኩም።"

"የበላውን ሰው ጠይቂልኝ። እኔ ሦስት ዓመት ሆነኝ ከቀመስኳት። ጣዕሟ እንደድሮው መሆኑን ማወቅ እፈልጋለሁ።"

በባቡር መንገዱ ዳር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ጠብቂ የተባልኩት አንድ ነገር ነው። አንድ። ለምን ዳቦውን ፈጥኜ አልገዛሁም? ሰልፍ ላይ አንዲት ሴት እንድትቀድመኝ ፈቀድኩላት። ሁልጊዜ ሰው እንዲቀድመኝ እፈቅዳለሁ።

ነሐሴ 17

ጾሙ ትናንት ተፈታ። ዛሬ ጠየቅኩት። አራት ቀን የፈጀብኝ ድፍረት ስላጣሁ ነው።

መላጨቱን ሲጨርስ በመታጠቢያው በር ላይ ቆምኩና "ጋሼ፣ ያቺ ቲማቲም ጣዕሟ እንዴት ነበር?" አልኩት።

"የቷ ቲማቲም?"

"የእሑዷ። የክሯ።"

ፎጣውን አንገቱ ላይ አድርጎ አሰበ። እውነቱን ለመናገር፣ አሰበ። ከዚያ "እኔ እንጃ ልጄ" አለ። "ወሬ ላይ ነበርን እኮ። ልብ አላልኩትም። ቲማቲም ቲማቲም ነው።" ጉንጬን በእርጥብ እጁ ነካ አደረገኝ። "አልረሳሽውም እንዴ እስካሁን?"

ልብ አላለውም።

ሰማንያ አንድ ዓመት የሆናቸው ሰው ሊቀምሷት የሚመኟትን፣ እኔ እሷን እያጠጣሁ ያደርኩላትን፣ ዋጣትና ልብ አላለውም። ለፍራው ኤግሊ ምን ብዬ ልንገራቸው?

ነሐሴ 20

ስልክ መጣ። ከቢሮው። ሴት ናት፣ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች። ቃል የሚያስተረጉምላቸው ሰው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስለማይመቸው ቀጠሮው ወደ ጠዋት ተዛውሯል አለች። ቀኑ ያው ነው። "ኡም አኽት" አለች። ስምንት። ገባሽ? አለችኝ። ገባኝ አልኳት።

እሱ ሶፋው ላይ፣ የኔ ሶፋ ላይ፣ ሬዲዮ ሊያስነሳ ሲታገል ነበር።

"ማን ነው?"

"ከቢሮው ነው ጋሼ። ስለ ረቡዕ ቀጠሮ። ስምንት ሰዓት ነው።"

"እሱንማ ነግረሽኝ የለም? አይረሱም እነዚህ ሰዎች፣ ጎበዞች ናቸው" አለ። ወደ ሬዲዮው ተመለሰ።

ሴትየዋ ስምንት አለች። እኔም ስምንት አልኩ። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም። ሰው ካልጠየቀ ምን ይደረጋል?

አክስቴ ሥራ ላይ ነበረች።

ነሐሴ 21

አልጠየቀም።

ነሐሴ 22

አክስቴ ለወይዘሮ ፍቅርተማርያም በስልክ፦ "ይህቺ ቀጠሮ ናት ሁሉ ነገራቸው። እሷ ከተበላሸች መልሰው ይሰዷቸዋል፤ እዚያ ደግሞ ጣቢያ ሳያወርዷቸው ከአውሮፕላኑ ሥር ነው የሚጠብቋቸው። ወንድማቸውን እንዴት እንዳደረጉት ታውቂ የለ።"

ወንድም እንዳለው አላውቅም ነበር። ነግሮኝ አያውቅም። ወሬው ሁሉ ስለ መኪናዎች ነው።

ነሐሴ 23

አክስቴ ሸሚዙን ተኰሰች። ልብ አላልኩትም። ልብ አላልኩትም። ልብ አላልኩትም። ይህን አንድ ገጽ ሙሉ መጻፍ እችላለሁ።

ነሐሴ 24

ነገ። አክስቴ ማታ "ሰዓቱ አልተለወጠም አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ስምንት ሰዓት ነው" አልኩ።

"በኛ ነው በነሱ?" አላለችም። ሁልጊዜ የምትለውን ዛሬ ለምን አላለችም? ብላ ቢሆን እነግራት ነበር። ይመስለኛል።

ነሐሴ 25፣ ጠዋት

ጓሮ ነኝ። አክስቴ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጥታለች። እሱ ተነስቷል፤ ሲያስል ይሰማኛል። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በነሱ ሰባት ደወለ። አሁን ሮጦ ቢሄድ ባቡሩ ይደርስለታል።

ደረቁን ግንድ ነቀልኩት። ሥሩ ከገመትኩት በላይ ረጅም ነው።

ስምንት ደወለ። ስምንት ጊዜ። ቆጠርኩ። ወደ ላይ ቀና ስል በመስኮት በፒጃማ ሆኖ እያየኝ ነበር። እጁን አውለበለበልኝ።

ነሐሴ 25፣ ማታ

በስድስት ሰዓት ተነሳና ሄደ። ሙሉ ልብስ፣ ክራቫት፣ ባርኔጣ። "ቀድሜ ልድረስ፣ ሐበሻ ያረፍዳል እንዳይሉን" አለ። በሩ ላይ "ጸልዪልኝ" አለኝ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ተመለሰ። ባርኔጣው በእጁ ነበር። ተቀመጠ። አክስቴ ገና ልብሷን ሳታወልቅ "እንዴት ሆነ?" አለች።

"ጠዋት ነበር አሉኝ።"

"ምኑ?"

"ቀጠሮው። ጠዋት በነሱ ስምንት። አስተርጓሚው ጠብቆኝ ሄዷል። አልቀረበም ብለው ጽፈዋል።"

አክስቴ ወደኔ ዞረች። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። "ስልክ ደውለው ነበር? ማን አነሳው?"

ሳህን እያጠብኩ ነበር። ያው ነጩ ሳህን ነው።

"ተዪያት" አለ እሱ። "እሷ ነግራኛለች። ስምንት ሰዓት ብላ ነግራኛለች። በኛ ነው በነሱ ብሎ ያልጠየቀ እኔ ነኝ።"

አሸነፍኩ። ይህን ቀን አሥራ ሰባት ቀን ጠብቄዋለሁ። እራት አልወረደልኝም፤ ምክንያቱ ሽሮው ጨው ስለበዛበት ነው።

ነሐሴ 28

አይናገርም። ሬዲዮ አይከፍትም። ድመት አይለኝም። ትናንት ሳላስበው በሩን ሳላንኳኳ ከፈትኩና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ሻንጣው ተዘጋጅቶ እግሩ ሥር ነበር። ማንም ሂድ ሳይለው። "ለማንኛውም ብዬ ነው" አለ።

ቲማቲሟ ሻንጣ አልነበራትም።

ነሐሴ 30

ደብዳቤ። በአሥር ቀን ውስጥ ራሱ ቀርቦ ለምን እንደቀረ ካላስረዳ ጥያቄው ይዘጋል። ምክንያቱ በቂ ከሆነ ሌላ ቀጠሮ ይሰጡታል። አክስቴ ፈቃድ ጠይቃ ተከለከለች። "አንቺ ይዘሻቸው ትሄጃለሽ" አለችኝ። "አፍሽን ከፍተሽ ትናገሪያለሽ። በለሆሳስ አይደለም።"

ጳጉሜ 4

ዙሪክ ሄድን። አንድ ሰዓት አግዳሚ ላይ ጠበቅን። እሱ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠርዙን ያዞረዋል።

ተራችን ደረሰ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ወጣት ነው፣ ጢሙን ገና ማሳደጉ ነው። ለምን አልመጣም አለ። ተረጎምኩለት።

እሱ ባርኔጣውን እንደያዘ ተነስቶ ቆመ። መቆም አያስፈልግም ነበር።

"ልጄ፣ እንዲህ በይልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሰዓቱ ተነግሮኛል፣ እኔ በአገሬ ሰዓት ወሰድኩት። ይቅርታ እጠይቃለሁ በይልኝ።"

እኔም እንዳለው አልኩ። "ኤስ ኢስት ማይኔ ሹልት።" ጥፋቱ የኔ ነው። ድምፄ ጮክ አለ፤ ጎን ያለው ሰው ዞር ብሎ አየኝ።

ወጣቱ ብዕሩን አነሳ። "የሳቸው ማለትሽ ነው" አለ። ተርጓሚ ሲሳሳት ለምደው ነው መሰል በደግነት ነው ያለኝ።

አዎ ብል ያበቃ ነበር። ጋሼ ኃይለመለኮት ጀርመንኛ አያውቁም። አንዴ የኔን አንዴ የወጣቱን ፊት ያያሉ።

"አይደለም" አልኩ። "የኔ ነው። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጠዋት መሆኑን አልነገርኳቸውም።"

"ረሳሽው?"

ይህን በጀርመንኛ እንዴት እንደምመልስ ጠፋኝ። ወጣቱ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ረጅም ነገር ጻፈ። ማኅተም መታ። አዲሱን ቀጠሮ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ፤ ሴፕቴምበር 28፣ በዘጠኝ። ከሥሩ "ጠዋት" ብሎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

"ምን ተባባላችሁ ይህን ያህል?" አሉ ጋሼ ደረጃው ላይ።

"ያሉትን ነገርኩት።"

"ረዘመ እኮ።"

"ጀርመንኛ ረጅም ነው።"

ይቅር አላልኳቸውም። ይህ ይጻፍ። ዘሯ ጠፍታለች፣ ጣዕሟንም ማንም አያውቅም፣ ለፍራው ኤግሊም ገና መልስ አላደረስኩም። ለምን እንዲያ እንዳልኩ እኔም አላውቅም። ወጣቱ ስላቻኮለኝ ይሆናል።

ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ኤርሊኮን ጣቢያን እንዳለፍን "ያቺን ቃል ልማራት" አሉ። "የመጀመሪያዋን። በሚቀጥለው ራሴ እንድላቸው።"

"የቷን?"

"ጥፋቱ የኔ ነው የምትለዋን።"

ነገርኳቸው። ከንፈሬን እያዩ ሞከሩ፣ "ሹልት"ን አበላሹት። ቫሊዘለን ላይ እንደገና አሉኝ፣ አልኩ። ዱበንዶርፍ ላይ ሰው ሞላ፤ "አልያዝኳትም፣ ጮክ በዪ" አሉ። ሰው እየሰማ ጮክ ብዬ አልኩ። ነኒኮን ስንደርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ የተኙ መስሎኝ ዝም አልኩ።

"አንድ ጊዜ ብቻ ልጄ" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "አሁን ሊገባኝ ነው።"

አልኩላቸው።